መሬት አትቸኩልም፤ አንተ ምን አስቸኮለህ?

«ሰማህ? ኢትዮጵያ በቅርቡ ለሁለት ልትከፈል ነው!»

በቅርቡ? በማን አቆጣጠር? አንተ ትናንት ማታ ቪዲዮ አይተህ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ሙሉ ሰው ታስበረግጋለህ፤ ስምጥ ሸለቆው ግን መከፈት ከጀመረ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈውታል፤ ማንንም አላስፈቀደም። ቁጥሩን ልንገርህና አንተው ፍረድ። ከሸለቆው በስተ ምዕራብ ያለነው ኑቢያ በሚባለው ፕሌት ላይ ነን፤ በስተ ምሥራቅ ያሉት፣ ባሌም ሐረርም፣ በሶማሊያ ፕሌት ላይ ናቸው። እነዚህ ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ንጣፎች በአዳማና በሐዋሳ በኩል የሚራራቁት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በመቶ ዓመት ግማሽ ሜትር። በሚሊዮን ዓመት 5 ኪሎ ሜትር። ጤነኛ ሰው በእግሩ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ መሬት ሚሊዮን ዓመት ፈጅታ ትሄደዋለች። እናትህን እንቅልፍ የነሳሃት ለዚህ ነው?

«ይንቀሳቀሳል ግን አይደል?» አዎ፣ ይንቀሳቀሳል። እሱንማ ማን ካደ? እኔ የምከራከርህ «በቅርቡ» በምትላት ቃል ላይ ነው። እሷን አውርድና አብረን እንቀጥላለን።

ጋሼ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሆነው «እንግዲያማ ባሕሩ በራሱ ጊዜ እየመጣልን ነው፤ ወደብ ወደብ ማለት ምን ያደርጋል?» አሉ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት፤ ለዚህ የሚበቃ ዕድሜ ግን የሚሰጥ የለም። ባሕሩ የሚጠበቀው በሚሊዮኖች ዓመታት ነው፤ ማዳበሪያው የሚጠበቀው ለሰኔ ነው። ደግሞ «ይመጣል» አይበሉኝ፤ መጥቶ ሄዷል! ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር እስከ ዳናክል ዝቅታ ድረስ ዘልቆ ገብቶ ነበር። በዝቅታው ጠርዝ ላይ ዛሬም በፀሐይ የደረቀ የኮራል ድንጋይ ተደርድሮ ይታያል፤ ባሕር ውስጥ ካልሆነ በቀር የማይበቅለው ኮራል ማለቴ ነው፣ በግመል በሚኬድበት በረሃ። ከዚያ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው በሐሩር ተነነ፣ ጨው ቀረ። አያትዎ በርበሬና ማር የገበዩበት አሞሌ የተቆረጠው ከዚያ ሜዳ ነው። ስለዚህ ባሕሩን አይጠብቁት፤ ቤተሰብዎ ሲመነዝረው ኖሯል።

ያ ቦታ ለምን ዝቅ አለ ብለው ቢጠይቁኝ ግን ደስ ይለኛል፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ዳሎል አካባቢ መሬቱ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች ነው። በደጋው ሥር የመሬት ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ በሰሜን አፋር ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሆኗል። ተስቦ ተስቦ ሳሳ፤ የሳሳው ረገበ። ባሕሩ ቢመጣ የሚመጣው መሬቱ ቀድሞ ስለ ወረደለት ነው።

«እሱማ ይታወቃል፤ መሬት የምትንሳፈፈው በቀለጠ ድንጋይ ባሕር ላይ ነው!» ይህችን የሚወረውርልኝ ደግሞ የተማረው ሰው ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ አይታለፍም። ወንድሜ፣ የቀለጠ ቢሆን ኖሮ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ይመሰክርብህ ነበር፤ አሁንም የሚመሰክረው በአንተ ላይ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ከምትልካቸው ሞገዶች አንደኛው ድንጋዩን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚጓዝ ነው። ይህ ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ከእግራችን ሥር ግን ማንትል የሚባለውን ክፍል እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ሰንጥቆ ይሄዳል፤ የሚቆመው እዚያ ታች፣ ፈሳሽ የሆነው የብረት እምብርት ሲገጥመው ነው። ማንትሉ ድንጋይ ነው። ጠጣር፣ የጋለ ድንጋይ። ጠጣር ሆኖም በግለቱና በላዩ ባለው ክብደት የተነሳ በዓመት በሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ጉዞ ይጓዛል። የጋለው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ግለቱ የመጣውም ከሁለት ወገን ነው፤ መሬት ስትፈጠር ካተረፈችው ሙቀት፣ እንዲሁም ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም በውስጧ እየበሰበሱ ከሚለቁት። ቅልጥ አለት የምንለው ከዚህ ሁሉ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ላይ ሲወጣና ክብደቱ ሲቀልለት የሚቀልጠው።

«ታዲያ ፕሌቶቹን ማን ይገፋቸዋል?» መግፋት ማን አለህ? በይበልጥ የሚሠራው መጎተት ነው! ይህን ነጥብ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ የመሬት ታሪክ እንዲህ የሚያምር ምክንያት አለው። በውቅያኖሶች መሃል በሚሄደው የተራራ ሰንሰለት ላይ አዲስ ድንጋይ ይወለዳል። ከተወለደበት እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠባል፤ ሲጠብ ይከብዳል። ከአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ ከሥሩ ካለው ማንትል ራሱ ይከብድና በባሕር ውስጥ ባሉ ጥልቅ ገደሎች በኩል ወደ ታች ይሰምጣል። የሰመጠው ጫፍ የቀረውን ይጎትታል፤ ጋቢ ከትከሻ ላይ አንዱ ጫፍ ከወረደ ሌላው ተከትሎ እንደሚንሸራተት ማለት ነው። ማስረጃ ካልክ፣ ፎርሳይትና ኡዬዳ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1975 ፕሌቶችን አንድ በአንድ አወዳደሩና የሚፈጥኑት ጠርዛቸው ወደ ታች የሚሰምጥላቸው መሆናቸውን አሳዩ። ፓስፊክን እይ፤ ከጃፓን ሥር በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሰመጠ ይገባል። አፍሪካ ግን በምዕራብ በአትላንቲክ፣ በደቡብና በምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ሰንሰለቶች ተከባ፣ ወደ ታች የሚጎትታት ጫፍ ብዙ የላትም፤ በሜዲትራኒያን በኩል ትንሽ ነው ያላት። ስለዚህ ዝግ ትላለች።

መግፋቱ ጨርሶ የለም አላልኩም። የባሕር ውስጥ ሰንሰለቱ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ድንጋዩ በራሱ ክብደት ወደ ዝቅታው ያዘነብላል። ከሥር የሚጓዘው ማንትልም ንጣፉን እየዳሰሰ ይወስዳል ወይም ይይዛል። የትኛው ስንት እጅ ይሠራል በሚለው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ፤ ክርክራቸው የሚያምረው እየለኩ ስለሆነ ነው።

«ጥሩ፤ አፍሪካ ጎታች ካነሳት ማን ሰነጠቃት?» አሁን ገና ጠየቅከኝ! ከደቡባዊ አፍሪካ ጥልቅ ሥር ተነስቶ ወደ እኛ አቅጣጫ እያዘነበለ የሚወጣ የጋለ ማንትል አለ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከዚህ ግለት የመነጨ ቅልጥ አለት በኢትዮጵያ ምድር ላይ ፈሰሰ፤ አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ውስጥ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሰሜን ደጋ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የምታየው ጥቁር ገደል ያ ነው። አገሩን ከታች ደግፎ ከፍ አደረገው፤ ከፍ ያለ ነገር ደግሞ በክብደቱ ወደ ጎን መዘርጋት ይሻል። በዚያ ላይ ዓረቢያ አለች። የዓረቢያ የሰሜን ጫፍ፣ ዛሬ የሌለው የጥንት ውቅያኖስ ወለል፣ ከእስያ ሥር ሰምጦ ሲጎትታት ከአፍሪካ ተላቃ ሄደች፤ ኢራን ላይ ተጋጭታ የዛግሮስን ተራሮች አቆመች። ከታች ግለቱ፣ ከላይ የደጋው ክብደት፣ ከሰሜን ጉተታው። አፋር ላይ ሦስቱ ፕሌቶች፣ ኑቢያ፣ ሶማሊያና ዓረቢያ፣ ጀርባ የሚሰጣጡት ለዚህ ነው።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ተረት ነው፤ መሬት ቋሚ ናት!» አትልፋ፤ ይህን ፈረንጆቹ ራሳቸው ቀድመውህ ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1912 አልፍሬድ ቬግነር የተባለ ጀርመናዊ አህጉራት አንድ ነበሩ፣ ተለያይተው ሄዱ ሲል፣ የአየር ጠባይ አጥኚ ስለ ድንጋይ ምን ያውቃል ብለው ተረባረቡበት። ሜሶሳውረስ የተባለው የጥንት ተሳቢ እንስሳ አጽም በብራዚልም በደቡባዊ አፍሪካም መገኘቱን አሳያቸው። በአፍሪካና በሕንድ የጥንት የበረዶ ግግር የቧጨረውን ድንጋይ አሳያቸው። አልሰሙትም። እርግጥ ነው፣ አህጉራቱን ያንቀሳቅሳል ብሎ ያቀረበው ኃይል ደካማ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጄፍሪስ አስልቶ እንደማይበቃ አሳይቶታል። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ስላላገኘው ድርጊቱን ካዱበት! እሱ እ.ኤ.አ. በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አርተር ሆምስ የማንትሉን ዝውውር መልስ አድርጎ ማቅረብ ጀምሮ ነበር፤ ለእሱም ጆሮ የሰጠው ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን የሜሪ ታርፕ ነገር ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የላሞንት ተቋም ትሠራ ነበር። ሴት በምርምር መርከብ ላይ አትሳፈርም ተባለና ወንዶቹ ባሕር ላይ የለኩትን ጥልቀት እሷ ጠረጴዛ ላይ ሆና በእርሳስ ትስለው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1952 በአትላንቲክ መሃል በሚሄደው ተራራ አናት ላይ ስንጥቅ ሸለቆ አየች። ሸለቆ ካለ መሬት እየተከፈተ ነው ማለት ነው። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው። ምን መለሰች? ስሌቱን ደግማ ሠራች፤ ሸለቆው እዚያው ቆየ። ከዚያ ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ የባሕር ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ቦታዎችን በነጥብ ሲያሰፍር፣ ነጥቦቹ በሙሉ በእሷ ሸለቆ ውስጥ ተሰልፈው ተገኙ። የባሕሩ ሸለቆ ቅርጽ ደግሞ ከምን ጋር ገጠመ? ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር! የእኛ መሬት ምስክር ሆኖ ቆመላት። እንደዚያ ያለ አጸፋ ሰምቼ አላውቅም፤ አፏን ሳትከፍት የዓለምን ካርታ ዘርግታ ዝም አሰኘቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ቫይንና ማቲውስ በሰንሰለቱ ግራና ቀኝ የተኙትን የማግኔት መስመሮች ተንትነው የባሕሩ ወለል የመስፋቱ ምልክት መሆናቸውን ሲያስረዱ ክርክሩ ወደ ማለቂያው ደረሰ። የሕንድ ውቅያኖሱ ሰንሰለት ደግሞ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ አፋር ላይ ይራመዳል። ሌላው ዓለም መርከብና ገመድ አዘጋጅቶ የሚያጠናውን፣ አፋር በእግሩ ይሄድበታል።

«በአፋር እኮ መሬት በአንድ ሌሊት 8 ሜትር ተከፈተ፤ ታዲያ የአንተ ሚሊ ሜትር የት ገባች?» የሚለኝ ሰው አለ፤ እሱ አስቦ የመጣ ነው። በመጀመሪያ፣ በአንድ ሌሊት አልነበረም፤ በ1998 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ በቀናትና በሳምንታት ነው። ከመቶ በላይ መንቀጥቀጦች ተከታትለው፣ መስከረም 16፣ በደመራ ዕለት፣ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬቱ ተሰንጥቆ አመድ ተፋ። በራዳር ሳተላይት ሲታይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ተከፍቷል፤ በሰፊው ቦታ 8 ሜትር። ስንጥቁን የሞላው ከሥር የገባ ቅልጥ አለት ነው፤ መጠኑ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እዚያው ሐሩር ውስጥ ሆነው ለኩት። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስም ከአሥር በላይ ተመሳሳይ ሰርጎ መግባቶች ተከታትለዋል።

አሁን ቁጥሩን እናካፍል። በዚያ በኩል ዓረቢያና ኑቢያ የሚራራቁት በዓመት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነው እንበል። 8 ሜትርን ለ16 ሚሊ ሜትር አካፍል፤ 500 ዓመት ይሰጥሃል። ፕሌቶቹ በየዓመቱ ሳያቋርጡ ሲራራቁ፣ ላይኛው ደረቅ ድንጋይ ግን ተያይዞ ይቆያል፤ ይወጠራል፤ ሳይበጠስ ይከማቻል። ከዚያ ቅልጥ አለቱ ከሥር ሲገባበት የመቶ ዓመታቱን ውጥረት በአንድ ወር ይለቀዋል። ስለዚህ ሚሊ ሜትሬም የአንተ 8 ሜትርም እውነት ናቸው፤ አንዱ የሌላው ድምር ነው። ዝግታውን የተረዳ ድንገቱንም ይረዳል። ድንገቱን ብቻ በስልክ ያየ ግን ይጮኻል።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ የሆነውም ይኸው ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከሥር ቅልጥ አለት ወደ ጎን ሲገባ፣ መንቀጥቀጡ በመጠን ከ5 በላይ እየተመዘገበ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለውን ሁሉ ከእንቅልፉ አስነስቶታል። ያን ጊዜ እትዬ ደጋግመው «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» ይሉኝ ነበር። እትዬ፣ እግዚአብሔርን ይፍሩ፤ እኔም እፈራለሁ። ነገር ግን ቤቱ ፈርሶበት ፍየሎቹን እየነዳ የወጣው የዱለቻና የአዋሽ ፈንታሌ ሰው ነው፤ በአሥር ሺዎች ተፈናቅለው በላስቲክ ዳስ ያደሩት እነሱ ናቸው። እርስዎ አዲስ አበባ አልጋዎ ላይ ተወዝውዘው ዳኑ። ኃጢአቱ የማን እንደሆነ በዚህ ይቆጠራል ካሉ ሂሳቡ አይገጥምም! የሚበሉትንና የሚለብሱትን ይላኩላቸው፤ ፍርዱን ይተዉላቸው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሊ ጉቢ የተባለው የአፋር እሳተ ገሞራ ፈነዳና አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ፤ ዓለም ስለ አውሮፕላን በረራ ሲያወራ የአፍዴራ እረኛ አመድ የለበሰ ግጦሽ ፊት ቆሞ ነበር። ስለ እሱ ማን አወራ?

አንድ ሰው ይቀረኛል፤ ለእሱ ምላሴን አልሰበስብም። «አዲስ አበባ ላይ ምንም አይመጣም፤ እሱ የአፋር ጣጣ ነው» የሚል ሕንፃ ሠሪ። የአፋር ጣጣ? በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ከላንጋኖ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስጨንቋል፤ ያኔ ከተማዋ ጎጆና አንድ ፎቅ ነበረች። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ሲንቀጠቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሰርዶ ፈርሳ ሰው ሞቶባታል። ፒየር ጉዋን የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህን አዲስ አበባ ላይ የመለኪያ ጣቢያ አቋቁመው ይህን ሁሉ መዝግበው መጽሐፍ አድርገዋል፤ አላየሁም ማለት አይቻልም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ ነው፤ አዳማና ሐዋሳማ ሸለቆው ውስጥ ናቸው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚቋቋም ሕንፃ የሚሠራበት የአገሪቱ ደንብ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል።

«ደንቡን አሟልቻለሁ» አለኝ። እንግዲያው እንየዋ! ምድር ቤቱን ለሱቅ ብለህ ግድግዳ አልባ አድርገህ፣ በላዩ ስድስት ፎቅ ብሎኬት ጭነሃል፤ ሲወዘወዝ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚያ ቀጫጭን ኮለኖች ናቸው። ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስታፋው መጥበቅ አለበት፤ ጫፉም ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ ያለዚያ ፌሮው ይከፈታል፣ አርማታው ይረግፋል።

«በየስንት ሳንቲ ሜትር ነው ያሰርከው?»

«እሱን ፎርማኑ ነው የሚያውቀው።»

«ፎርማኑን ጥራው። ሜትርም ይዞ ይምጣ።»